ስፔኖች ሁለት ጊዜ ይስማሉ፣ እኛ እስከ ጎረቤቱ ድረስ እንጠይቃለን፦ ሰው የሚያቀርበው የቱ ሰላምታ ነው?

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ለውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ። የምኖረው ማድሪድ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ስለሆነ በቀን ብዙ በር አንኳኳለሁ፣ ብዙ ሰላምታም እቀበላለሁ። የጻፍኩት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነበር። ስፔን ውስጥ ከሰው ጋር ሲያስተዋውቁሽ፣ ሴት ከሆንሽ፣ ስምሽን ተናግረሽ ሳትጨርሺ ሁለት ጉንጭሽን ይስሙሻል። «ዶስ ቤሶስ» ይሉታል። መሳም ይባል እንጂ ጉንጭ ከጉንጭ ይነካካል፣ ከንፈር አየር ላይ ጧ ይላል። ቀጥሎ «ኬ ታል» ይመጣል፣ እንዴት ነሽ እንደማለት። መልሱን ቆሞ የሚሰማ ግን የለም። ደህና፣ አንተስ ትያለሽ፤ በቃ፣ ወደ ጉዳዩ ተገባ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትደውል ጉዳዩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ብርዱስ፣ ሥራው፣ ያቺ አብራሽ የምትኖረው ልጅ፣ የምታስታምሚያቸው ሴትዮ ተሻላቸው ወይ? በየመሃሉ ተመስገን አለ። ከዚያ ተራው የእኔ ነው። አባባን፣ እህቶቼን፣ የጎረቤታችንን ልጅ፣ የክርስትና እናቴን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው የደወለችበት ነገር የሚነሳው። እና እንዲህ ብዬ ጨረስኩ፦ የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ሰላምታ ቶሎ ያቀርባል፣ ግን አይጠይቅም። የእኛ ይጠይቃል። እኔ የእኛን እመርጣለሁ፣ ልጆቻችን እንዲተዉትም አልፈልግም። እናንተስ?

19 መልስ መጣ። በየተራ ላስቀምጣቸው፤ የመሰለኝንም መሃል መሃል ጣል እያደረግኩ እሄዳለሁ።

1ኛ መልስ። ባርሴሎና ያለች እህት ነች የጀመረችው፤ ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ናት። ባሏ ስፔናዊ ነው። እሑድ እሑድ ለምሳ እናቱ ቤት ይሰበሰባሉ። ስትገባ ጠረጴዛው ሞልቷል፣ አንድ ሰው መዝለል ነውር ነው። ዙሪያውን እየዞረች ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ትስማለች፤ ስትወጣም እንደገና ትዞራለች። ይህን ወዳዋለች። ያስከፋት አባቷ አገር ቤት በሞቱ ጊዜ የሆነው ነው። ያው ሁለት ስሞሽ፣ ትከሻዋን ጠበቅ፣ አይዞሽ፣ አለቀ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ እንዴት ሞቱ፣ ታመው ነበር ወይ፣ እናትሽ እንዴት ሆኑ ያላት የለም። አበሻ ጓደኞቿ መጥተው ሲቀመጡ ነው እንባዋ የወረደው።

2ኛ መልስ። ኩባ የተማሩ አባት ናቸው። በትሕትና ጀመሩ፣ ግን ጠንከር አድርገው አረሙኝ። ስፓኒሽ የመንግሥት ቋንቋ የሆነባቸው 20 ያህል አገሮች አሉ፤ አንቺ ያየሽው አንዱን ነው፣ እሱንም አንድ ከተማውን ነው አሉኝ። እሳቸው ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር፣ ኩባ ውስጥ ወዳለው የወጣቶች ደሴት ከተላኩት ልጆች አንዱ ናቸው። ብዙዎቹ አባታቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ሥራ። ቤታቸውን ገና በልጅነት የተዉ ልጆች ናቸው፤ ሰላምታን የተማሩት ከኩባዎቹ ነው። ኩባ ውስጥ ስሞሹ አንድ ነው። ወንዶቹ «ኬ ቦላ» ይባባላሉ፣ እንዴት ነው ነገሩ እንደማለት፣ የእጅ ምት አለው፣ ሳቅ አለው። ሴቶቹ ለማንም፣ ለማያውቁት ልጅም ቢሆን፣ ፍቅሬ፣ ሕይወቴ እያሉ ነው የሚናገሩት። አስተማሪዎቻቸው ጠዋት ክፍል ሲገቡ ፊታቸውን አይተው ያለቀሰውን ይለዩ ነበር። አይጠይቁም ያልሽው ስለ ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።

ቀጥለው የጻፉትን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አዲስ አበባ ሲመለሱ አክስቶቻቸውን አንድ ጊዜ ስመው ቀና ይላሉ። አክስትየው ግን ሌላኛውን ጉንጭ አዘጋጅታ ትቀራለች፤ ልጁ ኮርቶ ነው የመጣው ተባለ። ዛሬ ደግሞ ከድሮ የኩባ ጓደኞቻቸው ጋር ሲገናኙ ሁለቱንም ይዘውታል። ባለፈው ጥቁር አንበሳ አጠገብ፣ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች የሚታሰቡበት የትግላችን ሐውልት አካባቢ፣ አንዱን ድንገት አገኙት። አንድ ስሞሽ፣ «ኬ ቦላ»፤ ከዚያ በአማርኛ የልጆቹን፣ የሚስቱን፣ የጉልበቱን ሕመም፣ የጡረታውን ነገር እዚያው ቆመው ጨረሱት።

3ኛ መልስ። አንድ ወጣት ነው፤ «ወንዶችስ?» ብቻ ብሎ ጠየቀ።

4ኛ መልስ። ለወጣቱ የመለሰችለት የበረራ አስተናጋጅ ናት። ማድሪድም ቦነስ አይረስም ታድራለች። ስፔን ውስጥ ወንድ ከወንድ ጋር ይጨባበጣል፣ ከተዋወቁ ይተቃቀፋል፤ መሳሳሙ ለአባትና ለወንድም ነው። አርጀንቲና ስትሄድ ወንዶቹ እርስ በርስ ይሳሳማሉ። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጉንጭ፣ የሥራ ባልደረባም ቢሆን። ሜክሲኮ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ይጨባበጣሉ፤ እጅ ሳይለቁ ይተቃቀፋሉ፤ ጀርባ ሁለት ሦስቴ መታ መታ ይደረጋል፤ ሲላቀቁ እንደገና ይጨባበጣሉ። ይህን ያየችው አንድ ሜክሲኳዊ ተሳፋሪ ጓደኛውን አውሮፕላን ውስጥ ሲያገኝ ነው፤ መተላለፊያው ተዘግቶ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ እስኪጨርሱ ጠበቀ። የእኛን ትከሻ ለትከሻ አስታወሳት። እሱም ቀኝ እጅ ተያይዞ ነው፣ እሱም ጊዜውን ይወስዳል።

5ኛ መልስ። ክሩ ውስጥ፣ ማለትም ከዚህ የመልሶች ሰንሰለት፣ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ጸሐፊዋ እዚሁ ማድሪድ ከቬኔዙዌላ ቤተሰብ ጋር ቤት ተጋርታ የምትኖር ልጅ ናት። የቤቱ ባለቤት ጠና ያለ፣ ሽበት የወረረው ሰው ነው። እናቱ ካራካስ ናቸው። በየቀኑ ይደውልላቸዋል። ስልኩ ሲነሳ ሃሎ አይልም፣ እንዴት ዋልሽም አይልም። የመጀመሪያው ቃል «ቤንዲሲዮን» ነው፤ ባርኪኝ ማለቱ ነው። እናትየው «ዲዮስ ቴ ቤንዲጋ» ይላሉ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ይህ ካልተባለ ወሬ አይጀመርም። ተኮራርፈው እንኳ ቢሆን ይባላል። ልጆቹም ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ፣ ማታ ሊተኙ ሲሉ፣ ከቤት ሲወጡ ለአባትም ለእናትም ለአያትም ለአጎትም ይላሉ። ሲቻኮሉ «ሲዮን» ብቻ ይሆናል። በጽሑፍ መልእክትም ይላካል። ፖርቶ ሪኮና ዶሚኒካን ሪፐብሊክም እንዲሁ ነው።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ያደገችበት ቤት ትዝ አላት። ቄስ ሲያልፉ ይፍቱኝ አባቴ ተብሎ መስቀል መሳለም፤ አያት ሲመጡ ጉልበት መሳም፤ ለትልቅ ሰው ከመቀመጫ ብድግ ሲባል እደጊ፣ ተመንደጊ የሚለው ምርቃት። አንድ ቀን የቤቱ ልጅ ሲዮን ሲላት ምን እንደምትመልስ አታውቅም ነበር። እደግ አለችው፣ በአማርኛ። አሁን ልጁ መልሱን ለምዶታል፤ ካልሰማው ከበሩ አይወጣም።

እኔ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አይጠይቁም ላልኩት ይህ ከሁሉም የበለጠ ጠንካራ መልስ ነው። ምርቃት የሚጠይቅ ሰላምታ እንዴትነትን ከመጠየቅ አያንስም። እኔ ራሴ ከማውቃቸው ስፔናዊ አዛውንቶች አንዳቸውም ቤት ይህን ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ስፔንን እንደ ሁሉም ናሙና መውሰድ እንደማይቻል ይህ ብቻውን ያሳያል።

6ኛ መልስ። ክሩ የሞቀው እዚህ ነው። አዲስ አበባ ያሉ አንድ ሰው ናቸው፤ ቃላቸው ሻከር ይላል። እናንተ ውጭ ያላችሁት የምታወሩለት አገር የለም አሉ። ታክሲ ውስጥ ገብቶ እንዴት ዋላችሁ የሚል ከጠፋ ቆይቷል። ትልቅ ሰው ሲገባ ኖር ብሎ የሚነሳ፣ በእግዜር የሚል መልስ የሚያውቅ ወጣት የት አለ? ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በየቀኑ የሚተላለፉ ሰዎች ስም ለስም አይተዋወቁም። ሰላምታው ሁሉ ፒስ ነው፣ አለን ሆኗል። በስልክ የምትሰሚው የእናትሽ ሰላምታ የእናትሽ ትውልድ ነው፤ የእኛ እያልሽ አትመጻደቂ አሉኝ።

7ኛ መልስ። ሳራጎሳ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከ6ኛው ጋር ትስማማለች፣ በጨዋ ቋንቋ። እሷ የምትሠራበት ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ማንም ሰው ሳይናገር አይገባም። በሩን ከፍቶ «ብዌኖስ ዲያስ» ይላል፣ ለማንም ለይቶ አይደለም፣ ለክፍሉ ነው። የተቀመጡት ሁሉ፣ ጋዜጣ የሚያነበውም ያመመውም፣ ይመልሱለታል። ከዚያ ተራ ለመያዝ መጨረሻ የመጣው ማነው ብሎ ይጠይቃል። ሲወጣም «አስታ ሉዌጎ» ይላል፣ በኋላ እንገናኝ እንደማለት። ሊፍት ውስጥም ያው፣ ዳቦ ቤትም ያው። ምሳ እስኪበላ ድረስ ብዌኖስ ዲያስ ነው፤ ስፔን ምሳ የሚበላው ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ከቀትር በኋላም እንደምን አደሩ ሲባሉ የገረማቸው የአበሻ ታካሚዎች አሏት። እኛ ከምናውቀው ሰው ጋር ስንገናኝ ማለቂያ የለንም፣ ለማናውቀው ሰው ግን፣ ከተማ ውስጥ፣ አንደበታችን ይታሰራል ነው የምትለው። የእኔ ጽሑፍ ይህን ጨርሶ አላነሳም ብላለች፤ አላነሳሁም፣ ምክንያቱም ቤት ለቤት የሚሠራ ሰው መጠበቂያ ክፍል ብዙ አያይም። ሊፍቱን ግን አውቀዋለሁ፤ ያለችው ልክ ነው። መቀራረብ ግን አልለውም። በዚያ ሊፍት ለዓመታት ሰላም የተባባሉ ሰዎች አንዱ ሲሞት ሌላው በሳምንቱ እንደሰማ አይቻለሁ።

8ኛ መልስ። ይህኛው 6ኛውንም 7ኛዋንም ይቃወማል። ያደገው ገጠር ነው፣ ጎጃም። መንገድ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲተላለፉ ዝም ብለው አይተላለፉም። እንደምን ዋላችሁ፣ እግዜር ይመስገን፣ አገሩ ሰላም ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው ይባላል። ከተላለፉ በኋላም ሰላምታው አይቆምም፤ ሁለቱም ወደየአቅጣጫቸው እየሄዱ፣ ዞር ሳይሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ ይመላለሳሉ። ቤት ደርሶ በር ላይ ቤቶች ሳይሉ መግባት የለም። ከተማ የጣለውን ኢትዮጵያ ጣለች አትበሉ ነው ቁም ነገሩ። በኋላ አንድ ሰው ከሥሩ ጨመረበት፤ ኒካራጓና ኮስታሪካ ገጠርም መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው «አዲዮስ» ይሉታል፣ ደህና ሁን የሚለውን ቃል ለሰላምታ እያዋሉት፣ ሳይቆሙ።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያሉት መልሶች ከነገሩ ወጡ። አንዱ የሜክሲኮ ነገር ሲነሳ ሜክሲኮ አደባባይ ትዝ ብሎት ለምን እንዲህ እንደተባለ ጠየቀ። ሌላው መለሰለት፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1954 ሄደው ጎብኝተዋታል፤ ሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላት፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሦስተኛው ጭራሽ ወደ ፔድሮ ፓኤዝ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ በ1618 ግሽ ዓባይን ያየው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ከማድሪድ ብዙም ከማይርቅ መንደር የተወለደ ነው ብሎ ነገረን። ደስ ይላል፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።

12ኛ መልስ። አንዲት ወጣት ናት፤ የክሩን ድምፅ የቀየረችው እሷ ናት። ሁላችሁም ስለ ስሞሽ ቁጥር ታወራላችሁ፣ መሳም የማትፈልግ ሴት መኖሯን ያነሳ የለም አለች። ቫሌንሲያ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ወንዶቹን ይጨብጣል፣ እሷን ሊስም ጎንበስ ይላል። እኩል ሠራተኛ ሆና ሳለ የእሷ ጉንጭ ለምን እንደ ሕዝብ ንብረት ይታያል? አሁን እጇን ቀድማ ትዘረጋለች። ክንዷን ሙሉ ለሙሉ ነው የምትዘረጋው፣ እንዳይጠጋ። መጀመሪያ አንዳንዱ ግራ ተጋባ፣ አሁን የቢሮው ወጣት ሴቶችም እንደሷ ጀምረዋል። አገር ቤትም ያው ነው ብላለች፤ ልጅ ሆና የአባቷ ጓደኛ በመጣ ቁጥር ሂጂ ሳሚው ስትባል፣ እምቢ ማለት ብልግና ነበር።

13ኛ መልስ። አንድ ሰው ተቆጣ። ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ ሰላምታ ላይ ወንጀል አትፈልጉ፣ አጎት ስሞ ምን አደረገ፣ ባህል እንዲህ እየተባለ ነው የሚጠፋው አለ። ኩራተኛ ነሽም አላት።

14ኛ መልስ። የመለሰችለት እሷ ሳትሆን ሌላ ሴት ናት፤ አልራራችለትም። የፈረንጅ ጣጣ ካልክ ፈረንጁ ራሱ ምን እንዳለ ስማ ብላ ጀመረች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ስፔን ሲድኒ ላይ የሴቶች ዓለም ዋንጫን ስታነሳ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሉዊስ ሩቢያሌስ ተጫዋቿን ጄኒ ኤርሞሶን በሽልማት መድረኩ ላይ ከንፈሯን ሳመ። እሱ የደስታ ነው፣ ተስማምታበታለች አለ፤ እሷ አልተስማማሁም አለች። አገሩ በሙሉ ለሁለት ተከፈለ፣ እሱም ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የካቲት 2025 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ 10,800 ዩሮ ቀጣው። ሁለት ስሞሽ ባህል ነው፣ ይህ ግን ባህል አይደለም፤ ልዩነቱ የሴቲቱ ፈቃድ ነው። ይህን መለየት ያቃተው ሰው ስለ ባህል መጥፋት አያስተምረን ብላ ዘጋችው። 13ኛው ተመልሶ አልጻፈም።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ሰላምታ የሚያቀርበው ሁለቱም ሲፈልጉት ነው። የእኛ ረጅም ጥያቄም ቢሆን ሰውን የሚያስጨንቅበት ጊዜ አለ፤ አላገባሽም ወይ፣ ልጅስ የሚለው የሰላምታ ክፍል ያስለቀሳቸው ሴቶች አውቃለሁ። ጥያቄው ይቅር አልልም። ግን ጠያቂው የተጠያቂዋን ፊት ይመልከት።

15ኛ መልስ። ደሴ ያደገ፣ አሁን ማላጋ ያለ ወንድም ነው። የተጋጋለውን ነገር ያበረደው እሱ ነው። የእኛ የእኛ ትላላችሁ፣ የእኛ አንድ አይደለም አለ፣ በጨዋነት። እሱ ቤት ወንድና ሴት፣ ዘመድ ካልሆኑ፣ አይጨባበጡም። ቀኝ እጅ ደረት ላይ ይደረጋል፣ ጎንበስ ይባላል፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ወዐለይኩሙ ሰላም። ከዚያ ጥያቄው ይቀጥላል፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ ማሳው፣ ጤናው። ማንም ቀዝቅዞ ወይም ተከፍቶ አይሄድም። ደሴ ውስጥ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ይህን ስለሚያውቁ እናቱን ለመሳም የሚጠጋ ወንድ አልነበረም፤ እናቱም ከክርስቲያን ሴቶቹ ጋር ተቃቅፈው ነው የሚሳሳሙት። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲመጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጨባበጥን ከለከለ። አገሩ በሙሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ሲጀምር አያቱ እንግዳ ነገር አልሆነባቸውም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ስፔኖቹ በክርን ሲገፋፉ ግን እንደተቸገሩ አይቷል፤ ክርን ማስነካት ለማይፈልግ ሰው ሌላ ምልክት አልነበራቸውም። ማላጋ ላይ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ሴቶቹ ወዲያው ገባቸው፣ ቅር ያላት የለችም።

16ኛ መልስ። አስተርጓሚ ናት፤ ያየችውን ነው የነገረችን። ስፔን ከኢትዮጵያ ብዙ ልጆች በጉዲፈቻ ከወሰዱ አገሮች አንዷ ነበረች፤ ኢትዮጵያ ለውጭ ዜጋ መስጠቱን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አሁን እነዚያ ልጆች አድገው ዘመድ ፍለጋ ይመጣሉ። አንዷ፣ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ከስፔናዊት እናቷ ጋር ሆና አያቷን ልታገኝ ሄደች። አማርኛ አትችልም። አያትየው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ልጅቷ እንደለመደችው ሁለት ጊዜ ሳመችና ቀና ልትል ስትል አያትየው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ከዚያም ግንባሯን፣ ዓይኖቿን፣ እጇን ሳሙ። እየሳሙ ይጠይቃሉ፤ አደግሽ ወይ፣ ጠገብሽ ወይ፣ ማን አሳደገሽ፣ በረደሽ ወይ። አስተርጓሚዋ የቱን ቀድማ እንደምትተረጉም ጠፋት። ልጅቷ አታስቸግሪ፣ ቆይ ይጨርሱ አለቻት በስፓኒሽ። ስፔናዊቷ እናት ራቅ ብላ ቆማ ነበር። አያትየው ጠሩዋትና እሷንም እንዲሁ አደረጉዋት፤ ስለ አሳደገችላቸው ልጅ መረቋት።

ይህ መልስ ከመጣ በኋላ ሰዉ ልብ ብቻ እየለጠፈ ለተወሰነ ጊዜ የጻፈ አልነበረም።

17ኛ መልስ። አንድ አባት፣ ቢልባኦ። ከሰላምታ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለ ምግብ ነው፣ ግን እኔ ውስጡ ነው እላለሁ። ባቡር ውስጥ እጎኑ የነበሩ ስፔናዊ ሽማግሌ ከቦርሳቸው ዳቦና አይብ አውጥተው ከመጉረሳቸው በፊት ወደሱ ዞሩና «ኡስቴድ ጉስታ» አሉት። እንብላ መሆኑ ነው። እሱም እንደ አገር ቤቱ ብሉ፣ ይባረክ ሊል ሲል መልሱን አብሮት የነበረው ልጁ ነገረው፤ «ኬ አፕሮቬቼ» ነው የሚባለው፣ ይስማማዎት። ዛሬ ወጣቱ ብዙም አይለውም። ሰውየው ግን ማንንም ሳይጋብዙ መብላት እንደማይችሉ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ልጁ እዚያው የተወለደ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ እንብላ ማለትን ከአባቱ ሳይሆን ከሽማግሌው እንደተማረ ይናገራል። አባትየው ግን ሌላ ጭንቀት አለበት። ልጁ አያቱ ጋ ሲደውል ሰላም፣ ደህና ነኝ፣ ቻው ይልና ስልኩን ለአባቱ ይሰጣል። ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀን።

ለዚህ የመለስኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዎቹን በቃል አታስጠናው አልኩት። ከመደወሉ በፊት ስለ አያቱ አንድ የሰማኸውን ነገር ንገረው፤ ዶሮዋ ፈለፈለች ወይ፣ ጉልበቷን አሟታል፣ ጣሪያው አፈሰሰ። እሱን ይጠይቃት። የቀረውን እሷ ትወስደዋለች። እኔ የእህቴን ልጆች እንዲህ ነው ያስለመድኳቸው፤ አሁን ስለ ጎረቤት ላም እግር ሳይጠይቁ ስልክ አይዘጉም።

18ኛ መልስ። የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። እጮኛው ኮሎምቢያዊት ናት፣ ከቦጎታ። በሚቀጥለው ወር ቤተሰቦቿን ሊያይ ይሄዳል። ክሩን በሙሉ አንብቦ ጭራሽ ግራ ገባው፤ አንድ ነው፣ ሁለት ነው፣ ልጨብጥ፣ ደረቴ ላይ እጄን ላድርግ?

19ኛ መልስ። ቦጎታ ለሥራ የቆየች ሴት መለሰችለት፤ እንዲህ ያለ መልስ ደስ ይለኛል፣ ቀጥ ያለ ነው። ሴቶቹን በቀኝ ጉንጭ አንድ ጊዜ፣ ያውም እነሱ ከተጠጉ። አባትየውን ጨብጥ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ። ክፍል ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ሰላም በል እንጂ ከበር ላይ ሆነህ እጅህን አታወዛውዝ፤ አያት ካሉ ከሳቸው ጀምር። አንተ በሚለው አትጀምር፣ እርስዎ የሚለውን ኡስቴድን ያዝ፤ ቦጎታ ውስጥ በአንዳንድ ቤት ወንድማማቾች እንኳ ኡስቴድ ይባባላሉ። ጥያቄው አያስፈራህ፣ አበሻ ነህ፤ እንዴት ነህ፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ ምን አለ፣ ደህና ነህ እያሉ ሳይተነፍሱ ነው የሚደረድሩት። አንተም ደርድርላቸው። እንደተቀመጥክ ስኒ ውስጥ ቀጭን ጥቁር ቡና ያቀርቡልሃል፣ «ቲንቶ» ይባላል። ምንም ብትቸኩል እንቢ አትበል። የይርጋ ጨፌ ቡና ይዘህ ብትሄድ ደግሞ እናትየው ወጥ ቤት ይዘውህ ይገባሉ፣ እዚያ ከገባህ የቀረው ቀላል ነው ብላዋለች። ልጁ ስንት ኪሎ ልያዝ ብሎ ጠየቃት፤ ሁለት በቂ ነው አለችው።